በደብተሬ ያልገባው ብርዝ

ከማርገዜ በፊትም ወፍራም ነበርሁ። ሰቆጣ ውስጥ ይህ ነውር አይደለም፤ ድርቅ በሚመላለስበት አገር ሰውነቷ የሞላ ሴት ትመሰገናለች እንጂ አትመከርም። የቤት አከራዬ ከዋጉ ዝቋላ ወረዳ መጥተው ከተማ የገቡ አሮጊት ናቸው። ሆዴ ገፋ ማለቱን ያዩ ዕለት ክንዴን ጨበጥ አድርገው፣ "አንቺስ ስንቅሽን ይዘሽ ነው የተነሣሽው" ብለው ሣቁ። እኔም ሣቅሁ።

በስድስተኛው ወር ጤና ጣቢያ ሄጄ በባዶ ሆዴ ደም ሰጠሁ። ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ። አዋላጇ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ ሴት ሁሉ ለእሷ "እናት" ነው። ብዙ ዓመት በሪፖርተርነት ስለሠራሁ ደብተሬን አውጥቼ የምትለውን መጻፍ ጀመርሁ። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ይህ በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ ይደርሳል፤ ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ እያመረተ ጉድለቱን ይሞላል። ወፍራም ሰውነት ውስጥ ግን ኢንሱሊን ከመነሻውም ስለሚቸገር ቆሽት አንዳንዴ ይሸነፋል። የተረፈው ስኳር ወደ ልጁ ይሻገራል። ልጁ ከልክ በላይ ያድጋል፣ ምጡ ይከብዳል፣ ሲወለድም የራሱ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ምን ላድርግ ብቻ አልሁ።

እንጀራ ቀንሼ ምስርና ጎመን እንዳበዛ፣ ሻይ ያለ ስኳር እንድጠጣ፣ ከምግብ በኋላ በእግሬ እንድንቀሳቀስ ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። ካልወረደ ኢንሱሊን እጀምራለሁ፤ የምወልደውም ከዋግ ውጭ፣ ሩቅ ከተማ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ይሆናል። ባለቤቴ እዚሁ ዋግ፣ ፃግብጂ ወረዳ ያስተምራል። ሰቆጣ ከወለድሁ በዕለቱ ይደርስልኛል፤ ሩቅ ከሄድሁ ብቻዬን ነኝ። የፈለግሁት ሰቆጣ መውለድ ነበር።

የበላሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ መዘገብሁ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከቢሮ እስከ መናኸሪያው ሄጄ እመለስ ነበር። ምንም አላጓደልሁም። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ቁጥሩ ያው ነበር።

አዋላጇ ደብተሬን ገጽ በገጽ አየችው። እንደ እኔ ያለ ንጹሕ መዝገብ አይታ እንደማታውቅ ተናገረችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ማታ ማታ ምን ትጠጫለሽ?"

"ብርዝ ብቻ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ስንት?"

"አንድ ጣሳ።"

"እናት፣ ከዘገባሽ ዋናው ነገር ቀርቷል" አለችኝ። ኢንሱሊኑን አቆይታ ብርዙን ትቼ በሳምንቱ እንድመለስ አዘዘችኝ።

ብርዝ ማር በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው። አከራዬ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቀው ይሰጡኛል። ማሩ ዝቋላ ካሉት ዘመዶቻቸው የሚላክላቸው ነጭ የዋግ ማር ነው፤ ለነፍሰ ጡር መድኃኒት ነው ይላሉ። እኔ በየቀኑ ራሴን የምጠይቀው ምን በላሁ ብዬ ነበር፤ ምን ጠጣሁ ብዬ አልጠየቅሁም። ስኳር ስባል የታየኝም የሱቁ ስኳር ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ዘገባ ቢያመጣልኝ እመልስበት ነበር።

ያን ዕለት ማታ ጣሳውን አልተቀበልሁም። የእኚህን ሴት እጅ መመለስ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አዋላጇ ያለችውን ሳልቀንስ ነገርኋቸው።

"የከለከለችሽ ስኳር ነው። ማር ከንብ ነው" አሉ። "ስድስት የወለድሁት በእሱ ነው።"

"እናቴ፣ እርስዎ ያን ጊዜ ገበያ በእግርዎ ደርሰው ይመለሱ ነበር። እኔ ወንበር ላይ ነው የምውለው። ደግሞ እርስዎ እንደኔ ስንቅ ይዘው አልተነሡም።"

በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር አጉተመተሙ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ጣሳውን ግን ራሳቸው ጠጡት። ከዚያ፣ "እንግዲያው ማሩ ለአራስነትሽ ይቀመጥ" አሉ። ከማግስቱ ጀምሮ በር ላይ የሚጠብቁኝ ምንም ያልገባበት ውሃ ይዘው ነበር።

በሳምንቱ ቁጥሩ ወረደ፤ እስከ መጨረሻውም በልኩ ቆየ። ሁሉም ሴት በዚህ ብቻ እንደማይወርድላት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋት ብትኖር ስንፍና እንዳልሆነ አዋላጇ አስረግጣ ነግራኛለች። እሱንም ጽፌዋለሁ።

ሰቆጣ ወለድሁ፤ ሴት ልጅ ናት። ተረከዟን ወግተው ስኳሯን ለኩ፤ ደህና ነበር። ባለቤቴ ከመምሸቱ በፊት ደረሰ። የእኔም ስኳር ተለካ። አሁን ቢስተካከልም ወደፊት ሊመለስ ስለሚችል ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በየጊዜው እንድለካ ተነገረኝ።

አከራዬ የማሩን ቅል በነጠላቸው ሸፍነው መጡ። እኔን አላናገሩኝም፤ ቀጥ ብለው ወደ አዋላጇ ሄዱ።

"አሁንስ ይፈቀድላታል?"

"አንድ ማንኪያ፣ እናት።"

ደብተሬን አቀብለኝ አልሁት ባለቤቴን። አንድ ማንኪያ ማር ብዬ ጻፍሁ፤ ከነሰዓቱ።