የከባዱ ስዊች ዜና ዕረፍት

በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን፦ ወልቂጤ የሚገኘው የቤታችን ስዊች ዛሬ ረፋዱ ላይ በድንገት አርፏል። በርካሽ ከተገዛ ወር አልሞላውም ነበር።

ለማያውቁ፣ ስዊች ማለት ከሞደሙ የሚመጣውን ኢንተርኔት ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ትንሽ ሳጥን ነው።

ሟች ያረፈው እህቴ ሕይወት ጓዳ ተቀምጣ በቪዲዮ ለሥራ ስትጠየቅ ነው። ከተመረቀች ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው ጥሪ።

"ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?" አሏት።

"እኔ በችግር ጊዜ..." ብላ ከጠያቂዎቿ ስክሪን ጠፋች።

መልሰን ብንደውል የሚያነሳ የለም። ሕይወት ከነኮቷ አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

በንዴት ስዊቹን በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ አውራ ጣት የምታህል ሰሌዳና በሙጫ የተለጠፈ የብረት ቁራጭ አለ። እንዲከብድ ብቻ።

በባጃጅ ወደ ሱቁ በረርኩ። ባለሱቁ ሲሸጥልኝ መዳፌ ላይ አስቀምጦ "ኦሪጅናል እኮ ይከብዳል" ያለኝ ሰውዬ ነው።

"ይሄ ብረት ምንድን ነው ጋሼ?"

"እሱ ምርቃት ነው ወንድሜ።"

ሳይስቅ ነው ያለው።

ርካሽ መግዛት ነውር አይደለም። ርካሽ ለገዛ ሰው ብረት ይበቃዋል ብሎ ማሰብ ግን ነውር ነው።

እናንተንስ በጭንቅ ሰዓት የከዳችሁ ዕቃ የቱ ነው? በርካሽ ተገዝቶ ያልከዳ ስዊች ካላችሁም ስሙን ጻፉልኝ፤ ለሕይወት ዛሬውኑ እገዛለሁ።

ማረሚያ፦ ስዊቹ በተገዛ ዕለት በዚሁ ገጽ "ዕቃ በክብደቱ ይታወቃል፤ እናንተም ግዙ" በሚል የወጣው መግለጫ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። በመግለጫው መሠረት የገዛችሁ ቤታችሁ ጠብቁኝ፤ ካቻቢቴውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።