ሟች የሌለው ድንኳን

ቀበና የሚገኘው የሰፈራችን መንገድ የሚዘጋው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ። ስለዚህ የመንገድ ባለሙያዎች አንድ እሑድ ማለዳ አስፋልቱን ቀለም በተቀባ በርሜል ዘግተው፣ ለጥላ ብለው ከእድራችን የተዋሱትን ድንኳን መሀሉ ላይ ሲተክሉ፣ ሰፈሩ «ማን ሞተ?» ከማለት ሌላ የጠየቀው ነገር የለም።

ጎረቤቴ ባልቴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ከማዶ ደግሞ የልጅነት ጓደኛቸው እንደዚያው ሆነው መጡ። መንገዱ የመኪና ማቋረጫ ከሆነ ወዲህ ሁለቱም መሻገር ፈርተው፣ ከየበራቸው እጅ እየተነሣሡ ነበር የሚኖሩት። ድንኳኑ ውስጥ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ።

ባጅ ያንጠለጠለ ባለሙያ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ ማንም አልሞተም! ፕሮጀክት ነው። ለአንድ ወር መንገዱን ከመኪና ወስደን ለሰው ሰጥተናል፤ ሙከራ ነው።»

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረንም?» አሉ ባልቴቷ እንባቸውን እየጠረጉ። «በል፣ ከመጣን አይቀር ትንሽ እንቀመጥ።»

ባለሙያዎቹ ራሳቸው በሦስት ፒካፕ ነበር የመጡት። በርሜሉን ገፋ አድርገው ውስጥ አቆሟቸው።

ሁለቱ አሮጊቶች ወሩን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ መኪና ከገዛሁ ዓመት ያልሞላኝ አዲስ ጌታ ነበርኩ። መኪናዬን ሁለት ቅያስ ርቄ አቁሜ በእግሬ ወደ ቤቴ ስገባ ሰው የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ወሩ ሲያልቅ «ይቀጥል» ወይም «ይነሳ» የሚል ቅጽ ዞረ። ባለመኪኖች ተጠራርተን «ይነሳ» ላይ ፈረምን፤ እኔ በውጭ አገር ላለው ወንድሜም ጭምር ፈረምኩለት። ቅጹ አሮጊቶቹ ጋ መድረሱን እንጃ። በርሜሎቹ ተነሡ፤ ባለሙያዎቹም ሙከራው ተሳክቷል ብለው ሪፖርት ጻፉ አሉ።

በሳምንቱ የማዶዋ ታመሙ። ባልቴቷ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ማዶ አድርሰኝ። ጓደኛዬን ልጠይቃት።»

«እጄን ይያዙና ላሻግርዎት።»

«አይ፣ በእግሬስ እፈራለሁ። መኪና አለህ አይደል?»

ሠላሳ እርምጃ ለማትሞላ መንገድ ሞተር አስነሣሁ። የመኪናዬን አፍንጫ ባወጣሁ ቁጥር ጥሩንባ ነው፤ የሚያሳልፈኝ ጠፋ። አንዱ «ደነዝ!» ብሎኝ አለፈ። እንደምንም ተሻግረን ደጁ ላይ ሳወርዳቸው፣ ባልቴቷ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው መረቁኝ።

«እግዜር ይስጥህ። ያንተ መኪና ባይኖር ማን ያሻግረኝ ነበር?»

ምርቃት «አሜን» ተብሎ ነው የሚወሰደው። እኔ ግን፣ መንገዱን በሁለት ፊርማ የዘጋሁባቸው ሰውዬ፣ «አሜን»ን ትቼ «ሲመለሱም እኔው አሻግርዎታለሁ» አልኩ።