የገበሬው ጺም

ዓለሚቱን ቁጭ ብላ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና ለገበያ መጥታ በዚያው ቀረች። መንገድ ስትሄድ እንኳ እጇ አያርፍም፤ የካኪ ቁራጭ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የተጣለ መጽሔት፣ ያገኘችውን ሁሉ ዘንቢሏ ውስጥ ትከታለች። ይህን ከእንሰት ቃጫ ጋር እየለጣጠፈች ሥዕል ትሠራበታለች። ንድፉን የሚያወጣላት ጋሽ ወንዳፈረው ነው፤ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ የሚኖር፣ ወላጆቹ ከሰሜን የመጡ፣ ረጋ ያለ ሰው። እሱ ይነድፋል፣ እሷ ትለጥፋለች፣ ከዚያ ይጨቃጨቃሉ።

«ይኼ እኮ በቀለም ያምር ነበር።»

«ቀለም ይታያል እንጂ አይዳሰስም፣ ጋሼ።»

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ቀበሌው ትልቅ ሰሌዳ አዘዛቸው። ከላይ ገበሬ፣ ከሥሩ በቀይ ወረቀት «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም»። ካድሬው ጓድ ዳኘ ንድፉን አይቶ፣ «አንዲት ፊደል ብትዛነፍ በጸረ አብዮትነት ትጠየቃላችሁ» አላቸው። ቀልዱን አልነበረም። በፊት መፈክር ያበላሸ ሰው ታስሮ እስከዚያ ቀን አልተፈታም ነበር።

ኮላ ከየሱቁ ጠፋ። ዓለሚቱ ምን ገዷት! ቡላ በውኃ በጥብጣ እሳት ላይ አማሰለች፤ እንዳይሻግት ብላም ጨው ጣል አደረገችበት። በዚያ ሙጫ ገበሬው ካኪ ለበሰ፣ ከጥቁር ቃጫ የተሠራ ጺምም አወጣ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሙጫው ገና አልደረቀም። ፀሐይ እንዲመታው ሰሌዳውን አጥር አስደገፉት።

«ልላጭና እንሄዳለን። አንቺ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ» አላት ወንዳፈረው።

እሷ ግን ገበሬው የያዘው ማጭድ ቢጫ ወረቀት ቢጨመርበት እንደሚያምር ታያት። ወረቀቱን ልትለምን ወደ ጎረቤቷ እታለም ቤት ሮጠች። ስትመለስ የእታለም ፍየል «ኢምፔሪያሊዝም»ን ጨርሳ፣ ጨው ጨው ያለውን ሙጫ እየላሰች ወደ «ይውደም» ተጠግታለች።

በዓለሚቱ ጩኸት ወንዳፈረው ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ወጣ። አነበበ። ገበሬ፤ ከሥሩ «ይውደም»።

«አለቀልን! ገበሬው ይውደም ብለን ጻፍን እኮ!»

«እኛ አይደለንም፣ ፍየሏ ናት።»

«ይህንን ለጓድ ዳኘ ንገሪው! ቁጭ በይ አላልኩሽም?»

ቀይ ወረቀት አልቋል። ከአደባባዩ የማርሽ ሙዚቃ ይሰማል። ዓለሚቱ ግቢውን ዞረች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ዞረች። ከዚያ ቀጥ አለች።

«ጋሼ፣ ‹ው›ን አንሣና ‹ቅ› አድርገው።»

«በምን?»

የገበሬውን ጺም ይዛ ላጥ አደረገችው። ወንዳፈረው ፊደሏን ነደፈ፤ እሷ ከድስቱ የተረፈውን ሙጫ ጠርጋ ቃጫውን ለጠፈች። «ይቅደም» ሆነ።

አደባባዩ ላይ ጓድ ዳኘ ሰሌዳውን ትክ ብሎ አየው።

«ኢምፔሪያሊዝም የታለ?»

«ወደመ፣ ጓድ» አለች ዓለሚቱ።

ዳኘ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ቀሰረ። «የገበሬው ጺምስ?»

«ለበዓሉ ተላጨ። ጋሼም ተላጭቷል፣ ይዩት።»

ዳኘ ወደ ወንዳፈረው ዞረ። የተላጨው አንድ ጉንጩ ብቻ ነበር። ካድሬው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ፤ «አቁሙት» ብሎ ሄደ።

ንግግሩ ረዘመ። እርጥቧ «ቅ» ቀስ እያለች ወደ ታች መንሸራተት ያዘች። ዓለሚቱ ጠጋ ብላ መዳፏን ለጠፈችባት። ሕዝቡ ቁጭ በሉ ሲባል ተቀመጠ፤ እሷ ቆማ ቀረች።

«ዛሬ እንኳ ብትቀመጪ ምን አለበት?» አለ ወንዳፈረው በሹክሹክታ።

«እኔ ከተቀመጥኩ ሁለታችንም እስር ቤት እንገባለን!»

እግሯ መሬቱን ይደበድባል፤ እጇ ግን አልተነቃነቀም። ጭብጨባው ሲያበቃ ሙጫው ደርቆ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ፊደሏ ይዛኛለች። ቀስ ብለህ አላቅቀኝ።»