በአሮጌ ሌንስ ያነሳሁት ተክሊል

መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ደምሴ ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ካሜራውን እንዳልነካ ነበር። ሥራዬ በር ላይ ቆሞ ተራ ማስከበርና የሰዎችን ነጠላ ማስተካከል ነው። ማንሻ ክፍሉ በመጋረጃ ተከልሏል። ከውስጥ የካሜራው መዝጊያ «ቀጭ» ሲል ቀጣዩን ሰው አስገባለሁ። «የቀጠርኩት ጆሮሽን ነው» አለኝ ደምሴ። ሲያሾፍ ነው፤ ግን እውነቱን ነበር። ጥቂት ቆይቼ በድምፁ ብቻ መዝጊያው ፈጥኖ እንደሆነ፣ ዘግይቶ እንደሆነ እለይ ጀመር።

ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እላቸው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» ብዬ ነው የምጽፈው።

ከጊዜ በኋላ እሱ ለሰርግ ወደ ስማዳና ወደ ጋይንት ሲወርድ ጉርድ ፎቶ እንዳነሳ ፈቀደልኝ። ሰርግ ግን ከለከለኝ። «የወንድ ሥራ ነው። ከወገዳ ስትመለሺ መኪና ቢበላሽ የት ታድሪያለሽ?»

«እርስዎ የሚያድሩበት» አልኩት። አልሳቀም።

እኔ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ የእሱ ማኅተም ይመታበታል። ዛሬም ሰው ቤት ስገባ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እኔ ያነሳሁትን ፎቶ እያሳዩ «ደምሴ እኮ እጁ ልዩ ነበር» የሚሉኝ አሉ። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።

ዲጂታል ሲመጣ የፊልም ካሜራዎቹን ሸጠ፤ እኔንም አሰናበተ። ማንም ያልገዛቸውን ሁለት ሌንሶች፣ አንድ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትርና አንድ ሩቁን የሚያቀርብ ባለ መቶ ሠላሳ አምስት፣ በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ወሰድኳቸው። ብዙ ዓመት በትንሽ ካሜራ ጉርድ እያነሳሁ ኖርኩ።

ኋላ ደብረ ታቦር ሄጄ ያገለገለ ሚረርለስ ካሜራ ገዛሁ። ሚረርለስ ውስጡ መስታወት የለውም፤ ስለዚህ ቀፎው ቀጭን ነው። በቀፎውና በአሮጌው ሌንስ መካከል አዳፕተር የሚባል የብረት ቀለበት ሲገባ ሌንሱ በፊልም ካሜራ ላይ የነበረውን ርቀት ያገኛል። ሻጩ የካሜራውን የራሱን ሌንስ ሰክቶ ዓይኔ እያየ አንስቶ አሳየኝ። የካሜራው የራሱ ሌንስ ከአቅሜ በላይ ስለነበር ቀፎውንና ቀለበቱን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ መቶ ሠላሳ አምስቱን ሰካሁ። በመመልከቻው ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቁልፉን ስጫን ግን አያነሳም። ሃምሳውንም ሞከርኩ፤ ያው ነው። መንገዱ አንገላቶት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሻጩ ጋ ብደውል ኔትወርክ የለም።

በዚያው ሰሞን የመሪጌታ ፈንቴን ልጅ ተክሊል ላነሳ ተቀብያለሁ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማነሳው የመጀመሪያ ሰርጌ ነው። መሪጌታ አስጠንቅቀውኛል።

«ፍላሽ አይበራም። አንቺም ከሴቶች መቆሚያ አታልፊም።»

«አላልፍም፣ የኔታ።»

«ካልሆነልሽ ቀድመሽ ንገሪኝ። ደምሴን እጠራለሁ።»

ከሴቶች መቆሚያ ሙሽሮቹ ዘንድ ሩቅ ነው፤ ብርሃኑም የጧፍ ነው። ርቀትንም ጨለማንም የሚችል የነበረኝ መቶ ሠላሳ አምስቱ ብቻ ነው። ካሜራው ከሞተ ሰርጉ የደምሴ ነው፤ እኔም ጉርድ አንሺ ሆኜ መቅረቴ ነው። ከተማው ውስጥ ካሜራ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ወደሱው ሄድኩ።

«ምነው ሙሉነሽ፣ ጉርድ ልትነሺ ነው?»

«ይህን ይዩልኝ።»

ቀለበቱን አገላብጦ አየው። «ይቺን ጉድ ነው የሰካሽበት?» ብሎ ካሜራውን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። እኔ የድሮ ቦታዬ ላይ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ሌንስ ሲፈታ፣ ሌላ ሌንስ ሲገጥም ሰማሁ። ቀጥሎ መዝጊያው ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። የሱ ካሜራ ድምፅ አይደለም፤ ያን በየሰርጉ ሰምቼ አውቀዋለሁ። ደብረ ታቦር የሰማሁት የራሴው ነው።

ደምሴ ካሜራዬን በአንድ እጁ፣ ሌንሴን በሌላው ይዞ ወጣ። «ሞቷል» አለ። «መንገድ ነው የጨረሰው። ለመለዋወጫ ይሆናል፣ እዚሁ ተይልኝ። ለመሪጌታ ሰርግም አትጨነቂ፣ እኔ እሄድልሻለሁ።»

ስለ ሰርጉ ያወራሁት ነገር አልነበረም።

«ሬሳውንም ቢሆን ቤቴ ይሻለዋል» ብዬ ተቀበልኩት። ሲያነሳ መስማቴን አልነገርኩትም። ብነግረው ሌላ ሰበብ ያመጣል፤ እኔ ደግሞ የቸኮልኩት ወደ ካሜራው ነው።

ቤቴ ተቀምጬ አሰብኩ። የሱ ሌንስ ከካሜራዬ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በሱ አንስቷል፣ በእኔ አሮጌዎች አያነሳም። እንግዲያው ቀፎው ጤነኛ ነው። አሮጌ ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበት የኤሌክትሪክ ነጥብ የለውም፤ ካሜራው ሌንስ የተሰካበት አይመስለውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሜኑ ከላይ ጀምሬ እየቃኘሁ ወረድኩ። ያለ ሌንስ ማንሳት የሚል መስመር አገኘሁ፤ ተከልክሏል ይላል። ወደ ተፈቅዷል ቀየርኩት። ቁልፉን ስጫን አነሳ። የእጅ መንቀጥቀጥ ምስሉን እንዳያደበዝዝ የሚከላከለው የካሜራው ክፍል የሌንሱን ቁጥር ስለሚፈልግ መቶ ሠላሳ አምስት ብዬ በእጄ አስገባሁ።

የተክሊሉ ዕለት ሌንሱን የሰካሁት ነጠላዬ ውስጥ ነው። ሚረርለስ ሌንሱ ሲወጣ ሆዱ ክፍት ስለሆነ አቧራ ይገባበታል። ከሴቶቹ መሐል ቆሜ የሌንሱን ማዞሪያ በእጄ እያዞርኩ ፎከስ አደረግሁ። ካሜራው በመመልከቻው ውስጥ ጥርት ያለውን ነገር ጠርዙን ቀይ ያደርገዋል። የካባውና የአክሊሉ ወርቀ ዘቦ ግን ሁሉንም ቀይ በቀይ አድርጎ አሳሳተኝ፤ ሙሽራው አክሊል ሲጫንለት ሳልደርስበት አመለጠኝ። ለሙሽራዋ በመመልከቻው ምስሉን አጉልቼ ሽፋሽፍቷ እስኪጠራ ጠበቅሁ።

አጠገቤ ያለች ሴት ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ካሜራሽ አይበራም እንዴ?» አለችኝ።

«ዓይን አፋር ነው።»

«ሙሽሪትንስ አገኛት?»

አሳየኋት። «እንባዋን ሳይቀር» አለች ቀስ ብላ።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ግብዣው ስንሄድ ደምሴም ዳሱ ውስጥ ተጋብዞ ተቀምጧል። መሪጌታ ፎቶዎቹን አይተው እኔን ሲመርቁኝ ሰማ። ወደኔ መጣ።

«ይሄ ያ ካሜራ ነው?»

«አዎ፣ ሞቷል ያሉኝ።»

«እስኪ አሳይኝ።»

ማንገቻውን ከአንገቴ ሳላወጣ አሳየሁት። አጎንብሶ የሙሽራዋን ፎቶ ረጅም ጊዜ አየ።

«ከእኔ ጋር ብትሠሪ ጥሩ ነበር» አለ።

«ሠርቻለሁ እኮ» አልኩት።

ሚረርለስ ላይ አሮጌ ሌንስ ለምትሰኩ የምላችሁ ይህን ነው። ያለ ሌንስ ማንሳትን ሜኑው ላይ ፍቀዱ፤ የሌንሱን ቁጥር በእጃችሁ አስገቡ። አሁንም እንቢ ካለ ሞተ ከማለታችሁ በፊት የራሱን ሌንስ ከሰው ተውሳችሁ ሞክሩት። ሲሞከር ግን እናንተም አብራችሁ ቁሙ።