ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ይህ የሆነው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ለብዙ ሰው አውርቼው አላውቅም።

በዚያ ዓመት የከተማችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በብሔራዊ ሊግ ይጫወት ነበር። ልጆቹ ኳስ ተጫውተው ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ሆኑ ሲባል ከተማው ጉድ አለ። ዓመቱ ግን አልቀናንም። ከሜዳችን ውጭ ተሸነፍን፤ በሜዳችንም ተሸነፍን። በመጨረሻ አንድ ጨዋታ ቀረን። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡድንም እንደኛው አፋፍ ላይ ነበር። ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ከወረድን ደግሞ ቡድኑ እንደሚበተን ሁላችንም ሰምተናል።

አሰልጣኛችን ጋሽ ይግዛው ጎረቤቴ ነበሩ። ሰዓት ያዥ እንድሆን የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው። «አንተ ረጋ ያልክ ሰው ነህ» አሉኝ።

ጨዋታው ተጋምሶ ሳለ መብራት ጠፋ። ቀን ስለነበር ሜዳው ይታያል፤ የውጤት ሰሌዳው ግን ጨለመ። ዳኞቹ ተነጋግረው በእጅ በሚያዝ ሰዓት ይቀጥል አሉ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደቀረ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሊያልቅ አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። ኳስ ወጣ፤ ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ሰዓቱን አቆምኩ። እንግዶቹ ኳሱን ከውጭ አስገብተው እየተቀባበሉ ጊዜ መግደል ያዙ። ሕዝቡ ይጮሃል። እኔም ዓይኔ ኳሱ ላይ ቀረ።

ዝቅ ብዬ ሳይ ሰዓቱ አሥራ አንድ ላይ ቆሟል። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ አለ፤ ግን አልተጫንኩትም። ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም። ደንግጬ ተጫንኩት። ጨዋታውን አስቁሜ መናገር ነበረብኝ። አላስቆምኩም። በእኔ ሰዓት ሁለት ሰከንድ ሲቀር ሙሉቀን የሚባለው ተጫዋቻችን ኳሱን ነጥቆ ሮጠና አገባ። የማብቂያውን ፊሽካ ነፋሁ።

ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። ባጃጆች ክላክሳቸውን ለቀቁት። ጋሽ ይግዛው ሲያለቅሱ አየኋቸው።

የእንግዶቹ አሰልጣኝ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። አልጮሁም።

«መምህር፣ ሰዓቱ ልክ ነበር?» አሉኝ።

«ልክ ነበር» አልኩ።

ትንሽ አዩኝና እጄን ጨብጠው ሄዱ።

ያን ዕለት እራት አልበላሁም። ባለቤቴ «አሞሃል እንዴ?» ስትለኝ «ራሴን ነው» አልኳት። እውነቱን ብናገር ከተማው ምን ይለኛል? ልጆቹስ ምን ይውጣቸዋል? ዝም እንዳልል ደግሞ እኒያ ሰው እጄን መጨበጣቸው ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ቡሬ አድረው በማግስቱ እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ። ቅሬታ የሚቀርበውም በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ ነው።

ጠዋት ለማንም ሳልናገር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ማንኩሳ ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም ወርጄ ልመለስ ቃጣኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምትሄድ?» አሉኝ።

«አይደለም እናቴ» ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቡሬ ስደርስ አውቶቡሳቸው ሞተሩን አስነስቷል። በሩን ደበደብኩ። አሰልጣኙ ሲወርዱ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ትናንት ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

«ዛሬስ አትፈራም?»

«ዛሬም እፈራለሁ» አልኳቸው።

በጽሑፍ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ጨዋታው በሌላ ከተማ ይደገም ተባለ። ተሸነፍን፤ ወረድን። ቡድኑም ክረምት ሲገባ ተበተነ። ሙሉቀን መንገድ ላይ ሲያየኝ ወዲያ ማዶ ይሻገር ጀመር። በአደባባይ ከሃዲ ያሉኝም ነበሩ።

ጋሽ ይግዛው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወር ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ቤቴ መጡ። ስድቡን ልቀበል ተዘጋጅቼ ብድግ አልኩ።

«ደብዳቤህን ያየሁት ስፖርት ቢሮ ጠርተው ሲያሳዩኝ ነው» አሉ። «ለእኔ ነግረኸኝ ቢሆን እኮ አብሬህ ቡሬ እሄድ ነበር» አሉኝ።



የቡድኑ መፍረስ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ያም ሆኖ ቡሬ በመሄዴ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከጋሽ ይግዛው ጋር ያን ያህል ዓመት በአጥር ብቻ ተለያይተን ኖረን፣ እውነት ብነግራቸው ይጠሉኛል ብዬ መገመቴ ነው። ይህንኑ ነግሬያቸው ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ሌላ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።