ጋሼ ደምሴ እና በስቅለት ያልተመታው ምስማር

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ በሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። በቀብራቸው ዕለት የምትናገሪው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ያን ዕለት ከአፌ ያልወጣውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ስሕተት ብታገኙበት የእኔ ነው፤ በእሳቸው አትሳቁ።

ጋሼ ደምሴ አርፈዋል። ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ገና ሳይነጋ፣ እዚህ ሜልበርን፣ ከትሩጋኒና መጋዘኖች ወደ ታርኔት በሚወስደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላቸው። መኪናቸውን ዳር አቁመው፣ የአደጋ መብራቱን አብርተው፣ ተገጭታ አስፋልት ላይ የወደቀች አንዲት እንስሳ ሊያነሡ ጎንበስ ብለው ነበር። እኔ በዚያው መንገድ ወደ ሥራ ስሄድ ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ ነበር። አንድ ጫማ መሐል አስፋልት ላይ ቀርቷል። የጭነት መኪናው ሹፌር ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ያስመልሰዋል። ጫማውን አውቀው ስለነበር የሞተው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ተረዳሁ።

ከዚያ ወዲህ የሚባለውን እሰማለሁ። «ለአይጥ ብለው ሞቱ» ይባላል፤ ለቅሶው ላይ ሳይቀር ተብሏል። እንስሳዋ አይጥ አይደለችም። እሳቸውም የሚሠሩትን የማያውቁ ሽማግሌ አልነበሩም።

ጋሼ ደምሴ የተወለዱት ከጅማ አለፍ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በሱዳን በኩል ተሰደው ሜልበርን ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ሥጋ ፋብሪካ ሠሩ። ኬንሲንግተን በመንግሥት ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኛ ዘንድ ግን የበዓል ዋዜማ ያለ እሳቸው አይታሰብም። እኔ የምኖረው ታርኔት ከአክስቴ ከእትዬ አስካለ ጋር ነው። አክስቴ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ሰለሞን እዚህ ያደገ ስለሆነ ደም ሲያይ ይገረጣል። ሴት ደግሞ አታርድም። እንደ እኛ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ጋሼ ደምሴም ቢላዋቸውን በነጭ ፎጣ ጠቅልለው በአሮጌ መኪናቸው ከቤት ቤት እየዞሩ ያርዱልን ነበር። ከማንም ምንም አይቀበሉም። የታመመች ሴት ቤት ከሆነ ዶሮውን ገንፍለው፣ ላባውን ነጭተው፣ ግቢውን በውሃ አጥበው ይሄዳሉ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ሲያርዱ ነው። የዶሮውን ክንፍ በአንድ እግራቸው፣ እግሮቹን በሌላው ረግጠው አንገቱን አቀኑና «በስመ አብ» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡት። ደሙ እስከ ግድግዳው ተረጨ። ፊቴን አዞርኩ። ቀና ሳይሉ «አትዙሪ፤ የምትበዪውን ሲሞት እዪው» አሉኝ። አየሁት። ከዚያ በኋላ እሳቸው ሲያርዱ ዞሬ አላውቅም።

የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጫፍ አልነበረውም። አባታቸው ለሽቶ ለሚሸጠው ዝባዱ ጥርኝ ያረቡ ነበር። ጥርኞቹ እሳት አጠገብ በእንጨት ቆጥ ውስጥ ታስረው ይኖራሉ፤ ሲናደዱ ዝባዱ ይበዛል እየተባለ በዱላ ይወጋሉ፤ ከዚያ ዝባዱ በቀንድ ማንኪያ ይፋቅባቸዋል። አንዲቱ ናት ጣታቸውን የወሰደችው። አባታቸው ያን ዕለት ጥርኟን እዚያው ቆጡ ውስጥ ደብድበው ገደሏት። «እያለቀስኩ ነበር፤ ግን ለጣቴ አልነበረም» ብለውኛል።

ከታርኔት ወዲያ ባለው የሣር ሜዳ የጠፋች እንስሳ ሊመልሱ ነው የተባለ ጊዜ ስዕሏን መጀመሪያ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ድመት የምታክል፣ ቡናማ፣ ሰውነቷ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ናት። እዚህ ኮል ይሏታል። ጋሼ ደምሴ ስልኬን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ይቺማ የፈረንጅ ጥርኝ ናት» አሉ። እኛም ጥርኝ እያልናት ቀረን። ድሮ በዚህ አገር ሞልታ ነበር አሉ። ሰው በመርዝ፣ በወጥመድና በውሻ ፈጃት፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ቀበሮ የቀረውን ጨረሰ። አሁን በደሴት ላይ ከተረፉት አራብተው፣ መጀመሪያ በአጥር ውስጥ፣ ቀጥሎ ከአጥር ውጭ ሊለቋት ነበር። ጋሼ ደምሴ በበጎ ፈቃድ ተመዘገቡ። አጥር ይጠግናሉ፣ ሳጥን ይሸከማሉ። የመጀመሪያዋ የተለቀቀች ዕለት ከሜዳው በቀጥታ እኛ ቤት መጡና ውሃ እንኳን ሳይቀምሱ «ከሳጥን ወጥታ ሣር ስትረግጥ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጥርኝ ከእስር ስትወጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉን።

ሰዉ ግን ለሁለት ተከፈለ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራና ሄድን። አንዲት እናት ሕፃን ትነክሳለች ወይ ብላ ጠየቀች። አንድ ሰውዬ ግቢዬ ከገባች መርዝ አበላታለሁ ብሎ ሲናገር ከኋላ ተጨበጨበለት። ከመሐል ከተማ የመጡ ወጣቶች ደግሞ እንስሳዋ የተሣለችበት ካናቴራ ለብሰው ገዳይ እያሉ ሰደቡት፤ ወንበር ተወራወሩና ስብሰባው በግፊያ ተበተነ። ስንወጣ እንግሊዝ አገር ተወልዶ ያደገው ጎረቤታችን ኬን የእሱም አገር ጠብ ይኸው ነው አለን። በእሱ አገር ተኩላውንም፣ ሊንክስ የሚባለውን ትልቅ ድመትም ድሮ ጨርሰዋቸዋል። አሁን ግማሹ ሰው ይመለሱ ይላል፤ ግማሹ ጠመንጃውን ይወለውላል። ግንድ የሚቆርጥ ቢቨር የሚባል እንስሳ ወንዝ ውስጥ ተለቆ የወንድሙን ማሳ በውሃ ስላጥለቀለቀው ወንድሙ በጥይት ገደለው። ኬን ነውር ነው አለው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ሰለሞን ይህን ሲተረጉምላቸው ጋሼ ደምሴ «ሁሉም የሚወዳት የሌላ ሰው ዶሮ እስከበላች ድረስ ነው» አሉ። ቀጥለውም «እኔም ያው ነኝ። ዶሮ የለኝማ» ብለው ሳቁ።

ዶሮ የነበራት አክስቴ ናት። ለፋሲካ የማኅበሯ ሴቶች ሁሉ ዶሮ ከገበሬ በቁሙ ተገዝቶ እኛ ጓሮ ነበር የሚቀመጠው። ስቅለት ዕለት ከስግደት እንደተመለስን ጋሼ ደምሴ የዶሮ ቤቱን ዞረው አዩና ከታች ጥግ ላይ ሽቦው መላቀቁን አገኙ። ከመኪናቸው መዶሻና ምስማር ይዘው መጡ። አክስቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ ደምሴ፣ የጌታ እጅ በተቸነከረበት ቀን በቤቴ ምስማር አይመታም።»

«ሽቦው ተላቅቋል እኮ አስካለ። ጥርኟ ትገባለች።»

«እሷም አንድ ቀን ትጹም።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። መዶሻውን መለሱና ሽቦውን በሲባጎ አጥብቀው አሰሩት።

በነጋታው፣ ቅዳም ስዑር ማለዳ፣ በአክስቴ ጩኸት ነቃሁ። ሲባጎው ተበጥሷል። ዶሮዎቹ አንገታቸው ተነክሶ፣ አንዳንዱም ጭንቅላቱ ጠፍቶ ተረፍርፈዋል። አንዲት ዶሮ ጉሮሮዋ ተንጠልጥሎ ትዞራለች። ጥርኟ እዚያው ጥግ ላይ ነበረች። ሆዷ ተነፍቶ በገባችበት ቀዳዳ መውጣት አቅቷታል፤ አፏ እስከ ዓይኗ በደም ተነክሯል። ሁለት ወር ሙሉ የጾሙ ሴቶች እርድ ነበር። አውሬ የሰበረው ደግሞ አይበላም።

ደም ሲያይ የሚገረጣው ሰለሞን አካፋ ይዞ ገባ። የመጀመሪያው ምት የሞተ ዶሮ ሁለት ቦታ ከፈለ። ሁለተኛው ጥርኟን ከጎኗ አገኛትና ግድግዳው ላይ ጣላት፤ እንደ ሕፃን ጮኸች። ያን ጊዜ ጋሼ ደምሴ ለእርድ እንደመጡ፣ ቢላዋው በፎጣ እንደተጠቀለለ፣ ሮጠው ገቡ። ጋቢያቸውን ጥለውባት በላይዋ ወደቁ። ሦስተኛው ምት ቀኝ ክንዳቸው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እሷም በጋቢው ውስጥ እጃቸውን ነከሰች፤ ነጩ ጋቢ ቀላ። አልለቀቋትም። ሰለሞን አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«መቅደስ፣ ክዳን ያለው ባልዲ አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። ጥርኟን ከነጋቢው ከተትንና ከደንናት። ከዚያ በግራ እጃቸው ቢላዋውን ፈትተው፣ ጉሮሮዋ ተንጠልጥሎ የምትዞረውን ዶሮ በጉልበታቸው ይዘው አሳረፏት። ያን ዕለት ያረዱት እሷን ብቻ ነው። አክስቴ ይህን ሁሉ ቆማ አየችና እንዲህ አለቻቸው፦ «እጅዎ ለእኛ ዶሮ አልደረሰም፤ ለአውሬው ግን ደረሰ። ከዛሬ ወዲያ ቢላዋዎ ግቢዬ አይገባም።»

«እሺ» አሉ።

ሆስፒታል የሄድነው እሳቸው፣ እኔና ሰለሞን ነን። ሐኪሟ ክንዱ እንዴት እንደተሰበረ ስትጠይቅ አስተርጓሚው ሰለሞን ነበር። ጋሼ ደምሴ ዓይን ዓይኑን እያዩ «ወደቅሁ በላት» አሉት። ሰለሞን ወድቀው ነው አላት። ከዚያ ወጥቶ ኮሪደሩ ውስጥ ሲያለቅስ አገኘሁት። የሬሳ ሣጥናቸውን ከፊት የተሸከመው እሱ መሆኑን አይታችኋል፤ ምክንያቱን ግን አታውቁም ነበር።

ያን ፋሲካ አክስቴ በሽሮ ፈታች። ከሱቅ ገዝተሽ ሥሪ ያሏትን ሴቶች አልሰማቻቸውም። ጥርኞቹ ተሰብስበው ይወሰዱ የሚል ፊርማ ሲዞርም ፈረመች። ጋሼ ደምሴ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያልፉ ፊቷን ታዞር ነበር። ሌሎቹም ሴቶች እሷን ተከትለው ሌላ አራጅ ፈለጉ፤ በበዓል ዋዜማ ከቤት ቤት የሚዞሩት ሰው ኬንሲንግተን በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ክንዳቸው ጠምሞ ገጠመ። ጥርኟ ግን ታክማ ሜዳው ላይ ተለቀቀች።

አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ አገኘኋቸውና ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «ስቅለት ዕለት ምስማሩን ልምታው ብዬሽ ነበር» ብለው ለምን ለአክስቴ አልተናገሩም? በሴቶቹስ ፊት ለምን ዝም አሉ? ክንዳቸውን እያሹ «በቤቷ፣ በዚያ ቀን፣ ልክ እሷ ናት» አሉኝ። «ጥርኟም የምታውቀውን ነው ያደረገችው። ጥፋተኛ ካስፈለገ፣ ጥርሷን እያወቅሁ ሲባጎ ያመንኩት እኔ ነኝ።»

በመጨረሻዋ ማለዳ ወደ ሜዳው ሲሄዱ መንገድ ላይ ምን ይፈልጉ እንደነበር ልንገራችሁ። ኮል ልጆቿን ሆዷ ላይ ባለ ከረጢት ውስጥ ነው የምትይዘው። እናት በመኪና ተገጭታ ብትሞትም ልጆቹ ከረጢቱ ውስጥ በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሜዳው ላይ የሚሠሩ ሁሉ የተገጨች ባዩ ቁጥር ቆመው እንዲያዩ ተምረዋል። ጋሼ ደምሴን ሲያነሷቸው የሞተችው እናት በጃኬታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ነበረች። ከልጆቿ የተረፉ አሉ። ከአባታቸው ቤት ቆጥ አንድም ጥርኝ በሕይወት ሲወጣ ያላዩት ሰው እነዚህን አወጡ።

ጋሼ ደምሴ፣ እንግዲህ እሰናበትዎታለሁ። እርስዎ ባሉበት ጊዜ ብዙ አላወራሁዎትም፤ ዝምታዬን ግን ይሰሙ ነበር። ክንድዎ ከእንግዲህ አያምዎትም። ሰለሞን ቢላዋዎን ከነፎጣው ወስዶ አስቀምጦታል፤ ለመማር ሰው እየጠየቀ ነው። የተከፉብዎት ሴቶች ሁሉ ለአርባዎ ሊሠሩ ተነጋግረዋል። አክስቴም ጓሮው ውስጥ እንደገና ዶሮ አስገብታለች።

በሞቱበት ዋዜማ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አክስቴ ሥራ ላይ እያለች መጡ። ቢላዋ አልያዙም፤ ይዘው የመጡት መዶሻ ነው። በጠመመው ክንድዎ መምታት ስላቃተዎት በግራዎ መቱ፤ እኔ ሽቦውን ያዝኩልዎት። ማታ አክስቴ ስትመጣ የላኩኝን መልእክት ነገርኳት። ባትሪ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ሽቦውን በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችው፤ አልነቃነቅ አላት። ተመልሳ ገባችና ሻርፗን እያወለቀች «ለፍልሰታ ፍቺ ይምጡ በያቸው» አለችኝ። ጠዋት ልደውልልዎት ነበር።

ያን መልእክት በሩ ላይ ቆመው፣ መዶሻውን በብብትዎ ይዘው፣ ፈገግ ብለው ነበር የነገሩኝ፦

«ለአስካለ ንገሪያት፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ምስማሩን መትቼዋለሁ።»