ክሱ ያላለው

ያን ሰሞን አደይ ያውቁ ነበር ወይ? እስካሁን መልሱን አላገኘሁም።

አደይ የምላቸው አማቴን ነው፤ በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው። እኔ ከወሎ ከመጡ ነጋዴዎች ተወልጄ እዚሁ መቀሌ ያደግሁ ነኝ፤ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ግን በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ባለቤቴ ታሞ ከሞተ በኋላ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ባለው ቤቱ እኔና እሳቸው ቀረን። ልጅ አልነበረንም።

የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ የደረሰው ውሃ የመጣ ዕለት ነው። አደይ ጓሮ ሆነው በርሜሉን ያስሞላሉ፣ ውሃው ከጎማው እየተንፎለፎለ ይጮኻል፣ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ መጥሪያውን ፈረምኩ።

«ማን ነው?» አሉ።

«ቤት የተሳሳተ ሰው ነው» አልኩ።

ወረቀቱን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ማንበብ የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ የትግርኛውን ክስ ቀስ እያልኩ ነው ያነበብኩት። ከሳሹ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ አደይ ከሌላ አባት የወለዱት የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ቤቱን ለቅቄ እንድወጣ ይጠይቃል። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

ትምህርት የጀመርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በማታው ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ተራ ቁጥር ካየሁ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። ክሱንም በየቁጥሩ መለስኩ። የሟቹ ወንድም መሆኑ፦ እውነት ነው። ወንድሙ መሞቱ፦ እውነት ነው። ቤቱ ከጋብቻችን በፊት መሠራቱ፦ እውነት ነው። እኔ እዚያ መኖሬ፦ እውነት ነው። ምን ልበል? መዋሸት አልሆነልኝም።

ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ አንድ ጠበቃ ዘንድ ክሱንም መልሴንም ይዤ ሄድኩ። አንብቦ ሲጨርስ ሳቀ። «እኅቴ፣ ይሄን ይዘሽ ከገባሽማ ዕቃሽንም አብረሽ ጫኚ! ፈተና መሰለሽ እንዴ?»

«እውነት ነዋ።»

«ይሁን፣ ሁሉንም እንመንለት። ወንድም ነው፣ ወንድሙ ሞቷል፣ አንቺ ትኖሪያለሽ። ታዲያ ቤቱ የእሱ የሚሆነው በምን በኩል ነው? ወራሽ ነኝ ብሏል? እስቲ አሳዪኝ።»

ፈለግሁ። የለም። የፊደል ግድፈቱን ሁሉ አስምሬበት፣ ይህን ግን አላየሁም ነበር።

«የክስ ምክንያት የለውም ይባላል» አለ። «ወደ ክርክሩ ሳንገባ በመቃወሚያ እናስጥለዋለን። የሟቹ ወላጆች በሕይወት አሉ?»

«እናቱ። አብረን ነው የምንኖረው።»

ከወንበሩ ብድግ አለ። «እንግዲያማ ልጅ ከሌለ ሕጉ የሚያወርሰው ወላጅን ነው፤ ወራሿ እሳቸው ናቸው! ቀርበው ይናገሩ፤ አለቀ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«የከሳሹም እናት ናቸው።»

ተመልሶ ተቀመጠ። የቀረውን አልነገርኩትም። ቤቱ የአደይ ከሆነ የምኖረው እሳቸው ስለፈቀዱልኝ ነው። በልጃቸውና በእኔ መካከል ምረጡ ቢባሉ ማንን ይሉ ይሆን? ዳኛውን ብቻ አልነበረም የምፈራው።

«ደግ» አለ በመጨረሻ፤ «ከእሱ ጽሑፍ ውጭ አንድ ቃል አንጨምርም።» መቃወሚያው እንዲሁ ተጻፈ፤ አጭር፣ እናት የሚል ቃል የሌለበት።

እስከ ቀጠሮው ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ከአደይ ቀድሜ እሮጥ ነበር። አደይ «ምነው ምግብ ተውሽ?» ሲሉኝ በጨጓራዬ አመካኛለሁ።

በቀጠሮው ቀን ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋልኝ። «ደኅና አደርሽ? አደይ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናቸው።» እጁን ጨብጬ ወደ ችሎቱ ገባሁ።

ዳኛዋ መቃወሚያውን ተመልክተው ወደ እሱ ዞሩ። «በክስዎ ያሉት ሁሉ እውነት ነው እንበል። ቤቱ ለእርስዎ የሚለቀቀው ለምንድን ነው?»

«ወንድሜ ነዋ!»

«እሱን ጽፈዋል። ቀጥሎስ?»

ዞር ብሎ አየኝ። አሁን «እናታችን» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ክሱ የክስ ምክንያት አያሳይም ተብሎ ውድቅ ሆነ፤ ጉድለቱን አሟልቶ አዲስ ክስ ማቅረብ እንደሚችል ግን ተነገረው።

ጠበቃው እስከ ሮማናት አደባባይ ሸኘኝ። «ፈገግ በይ እንጂ፣ ረታሽ እኮ!» ይለኛል። እኔ የሰማሁት «አሟልቶ» የሚለውን ብቻ ነበር። ጉድለቱ አደይ ናቸው፤ ቤቱ የእናቴ ነው ሳይል ሊያሟላው አይችልም። በክስ ከሚሰሙት ከእኔ አፍ ይስሙት አልኩ።

ስደርስ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው፦ ልጅዎ ከሶኝ ነበር፣ ከቤቱ ትውጣ ብሎ፣ ዛሬ ውድቅ ሆነ። ስለ ውርስ ትንፍሽ አላልኩም፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ። «ስሜን ለምን አላስገባሽም?» አሉኝ።

«ፈራሁ።»

«እሱን ነው እኔን?»

አደይ ከምስሩ መሀል ጠጠር ለቅመው ወደ ግቢው ወረወሩ።

«እሱን እኔ አናግረዋለሁ» አሉ። «አንቺ ግቢና ብዪ።»